ጄን ኤርን የሚያነቡ ተማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

የሻርለት ብሮንቴን ልቦለድ ጄን ኤርን ከተማሪዎች ጋር ማንበብ ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ክፍሉ በየዓመቱ ይቀየራል፣ ጥያቄዎቹ ግን እየተመላለሱ ይመጣሉ። እዚህ የሰበሰብኳቸው በብዛት የሚነሱትን ነው። አንዳንዱ መልስ እርግጥ ያለ መረጃ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ የኔ አቋም ነው። አቋሜ ላይ ተከራከሩኝ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩ ባጭሩ ምንድን ነው?

ጄን የሙት ልጅ ናት። መጀመሪያ የምናገኛት በ10 ዓመቷ፣ ጌትስሄድ በሚባል ቤት፣ የአጎቷ ሚስት ዘንድ ነው። ከዚያ ሎውድ ወደሚባል የበጎ አድራጎት አዳሪ ትምህርት ቤት ትላካለች። 18 ሲሞላት ቶርንፊልድ በሚባል ትልቅ ቤት ትቀጠርና አዴል የምትባል ትንሽ ልጅ ታስተምራለች። የቤቱን ጌታ ሮቸስተርን ትወደዋለች። በሠርጋቸው ቀን፣ ገና ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዳሉ፣ ሰውየው ሚስት እንዳለው ይታወቃል። ጄን ጥላው ትሄዳለች። የሪቨርስ ቤተሰብ ያስጠጋታል፣ ውርስ ይደርሳታል፣ በመጨረሻም ወደ ሮቸስተር ትመለሳለች። ሁሉም በ38 ምዕራፎች ውስጥ ነው።

ደራሲዋ ለምን በሌላ ስም ጻፈች?

መጽሐፉ ጥቅምት 1847 ለንደን ላይ በሦስት ቅጽ ሲወጣ ሽፋኑ ላይ የነበረው ስም ከረር ቤል ነው። ሻርለት ብሮንቴ የሚል የለም። እህቶቿ ኤሚሊና አንም ኤሊስ ቤልና አክተን ቤል በሚል ስም ይጽፉ ነበር። ስሞቹ የወንድ ይሁኑ የሴት በግልጽ አያስታውቁም፣ እነሱም የፈለጉት ይህንኑ ነው። ሴት የጻፈችው መጽሐፍ በሌላ ሚዛን እንደሚመዘን ያውቃሉ። ሻርለት ገና በ20 ዓመቷ ሮበርት ሳውዚ ለሚባል ዝነኛ ገጣሚ ግጥሟን ልካለት ነበር። ሥነ ጽሑፍ የሴት ልጅ የሕይወት ሥራ ሊሆን አይችልም፣ መሆንም የለበትም ብሎ መለሰላት። ከአሥር ዓመት በኋላ ይህን መጽሐፍ አወጣች።

ዋናው ጭብጥ ፍቅር ነው፣ አይደል?

ፍቅር አለ። ግን በፍቅር ብቻ ካነበባችሁት ግማሹ ያመልጣችኋል። ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምላቸው አንድ ነገር ነው፦ ገንዘቡን ቁጠሩ። እርሳስ ያዙና ፓውንድ የሚል ቃል ባገኛችሁ ቁጥር አስምሩበት።

ገና ምዕራፍ 1 ላይ የአጎቷ ልጅ ጆን ሪድ ስታነበው የነበረውን መጽሐፍ አምጪ ብሎ ይቀበላታል። ምክንያቱን ራሱ ይናገራል፤ አንቺ ጥገኛ ነሽ፣ ገንዘብ የለሽም፣ አባትሽ ምንም አልተወልሽም ይላታል። ከዚያ መጽሐፉን ይወረውርባታል፣ ወድቃ ራሷ ይደማል። የልቦለዱ የመጀመሪያው ደም የፈሰሰው በዚህ ነው፦ የሰው እንጀራ ትበያለሽ በሚል።

ከዚያ በኋላ ቁጥሮቹ ይቀጥላሉ። ሎውድ አስተማሪ ሆና በዓመት 15 ፓውንድ ታገኛለች። ቶርንፊልድ 30 ፓውንድ ይከፍላታል፤ እጥፍ ነው። ምዕራፍ 21 ላይ ወደምትሞት የአጎቷ ሚስት ልትሄድ ስትል ሮቸስተር 50 ፓውንድ ያወጣላታል። እሷ ግን የሚገባት ሒሳብ 15 ብቻ ነውና መልስ የለኝም ትለዋለች። 10 ሲሰጣት ደግሞ እንግዲያው 5 ይቀርብዎታል ትላለች። ተማሪዎች ይህን ሲያነቡ ይስቃሉ፣ ደስ ይላል። ግን ቆም በሉ። የሰራችበትን እንጂ ከዚያ በላይ አንዲት ሳንቲም አትቀበልም። ስጦታ ምን እንደሚያስከትል ከጌትስሄድ ተምራለች።

አሁን ደግሞ ብዙ አንባቢ ዘሎት የሚያልፈውን ነገር ልንገራችሁ። ሮቸስተር ካጫት በኋላ ወደ ገበያ ይወስዳትና ሐርና ጌጣጌጥ ልግዛልሽ ይላታል። ጄን ትሳቀቃለች። ሰው እንደሚያለብሳት አሻንጉሊት ሆና ይሰማታል። ያን ቀን ማዴራ ደሴት ላይ ላለው አጎቷ ደብዳቤ ለመጻፍ ትወስናለች፤ የራሴ የሆነ ትንሽ ነገር ቢኖረኝ ብላ ነው። ደብዳቤው ማዴራ ሲደርስ ሪቻርድ ሜሰን የሚባል ሰው እዚያ አለ። የሮቸስተር ሚስት ወንድም ነው። ሠርጉ የቆመው በዚህ መንገድ ነው! የራሷን ገንዘብ መፈለጓ ነው ከውሸት ጋብቻ ያዳናት። ብሮንቴ ይህን ሁሉ በዝምታ ነው ያያያዘችው።

በመጨረሻ አጎቷ ሞቶ 20,000 ፓውንድ ያወርሳታል። ጄን ለአራት ትካፈለዋለች። ለሦስቱ የአክስቷ ልጆች (ያስጠጓት ሪቨርሶች ናቸው) አምስት አምስት ሺ፣ ለራሷም 5,000። ወደ ሮቸስተር ስትመለስ ከምትነግረው የመጀመሪያ ነገሮች አንዱ ሀብታም መሆኗንና በራሷ ላይ አዛዧ ራሷ መሆኗን ነው። ተመለሰች ብቻ አትበሉ። በምን አቅም እንደተመለሰች ተናገሩ።

ቀዩ ክፍል ላይ ለምን ያን ያህል እንቆያለን?

መጽሐፉ ሁሉ እዚያ ውስጥ ስላለ። ከጆን ሪድ ጋር ስለተጣላች ጄን ማንም የማያድርበት ክፍል ውስጥ ይቆልፉባታል። መጋረጃው ቀይ፣ ምንጣፉ ቀይ ነው። አጎቷ የሞተው እዚያ አልጋ ላይ ነው። ሊያስሯት ሲሉ አልንቀሳቀስም ብላ ራሷ በእጇ መቀመጫውን ትይዛለች። መስተዋት ውስጥ ስታይ የምታየው ራሷን ነው፣ ግን አንድ ነጭ ፊት ያለው ትንሽ መንፈስ ነው የሚመስላት። ሲመሽ ግድግዳው ላይ ብርሃን ሲንቀሳቀስ ታያለች፣ ትጮኻለች። የአጎቷ ሚስት መጥታ መልሳ ትገፋትና ትቆልፋለች። ልጅቷ ራሷን ትስታለች።

አሁን ይህን ስዕል ያዙትና ወደ ቶርንፊልድ ሂዱ። እዚያም የተቆለፈባት ሴት አለች። እዚያም የተናደደች፣ እብድ የተባለች ሴት። ጄን ራሷ ሁለቱን አታያይዝም። አንባቢው ነው የሚያያይዘው።

ሄለን በርንስ ደካማ አይደለችም እንዴ?

በየዓመቱ ክፍሉን ለሁለት የሚከፍለው ጥያቄ ይህ ነው። ሄለን ሎውድ ውስጥ የጄን የመጀመሪያ ጓደኛ ናት። አንዲት አስተማሪ በጭራሮ አንገቷን ስትገርፋት ዝም ትላለች። ጄን እኔ ብሆን ያንን ጭራሮ ነጥቄ አፍንጫዋ ሥር ሰብረው ነበር ትላለች። ሄለን ጠላትን መውደድ ነው የሚሻለው ብላ ትመልስላታለች።

ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ ከጄን ጋር ይቆማሉ፣ እኔም ልቤ ከጄን ጋር ነው። ሆኖም ሄለንን ፈሪ ማለት ስህተት ነው። ፈሪ ሰው የሚገርፈውን ይፈራል፤ ሄለን አትፈራም። ጄን በርጩማ ላይ ቆማ፣ ውሸታም ናት ተብሎ በሁሉም ፊት ስትዋረድ፣ አጠገቧ ስታልፍ ቀና ብላ ፈገግ ያለችላት ሄለን ናት። ጄንን ያን ቀን ያቆማት ያ ፈገግታ ነው። በኋላ ሮቸስተርን ጥላ ለመሄድ ያስቻላት ጥንካሬ ግማሹ ከሄለን የተማረችው ይመስለኛል፤ ሌላው ግማሽ የራሷ ቁጣ ነው።

ሻርለት ይህችን ልጅ ያገኘቻት ከቤቷ ነው። ታላቅ እህቷ ማሪያና ቀጥላ ያለችው ኤልሳቤጥ ካወን ብሪጅ የሚባል አዳሪ ትምህርት ቤት ታመው በ1825 በሳንባ ነቀርሳ ሞቱ። ሄለን ማሪያ ናት።

መጽሐፉ ውስጥ የኛ አገር ነገር አለ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፣ ምዕራፍ 5ን ግለጡ። ጄን ሄለንን ለመጀመሪያ ጊዜ ስታያት ሄለን መጽሐፍ እያነበበች ነው። ጄን ርዕሱን ከሩቅ ታነባለች፦ ራሴላስ። ስሙ እንግዳ ስለሆነባት ይስባታል።

ራሴላስ ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 ያሳተመው የአቢሲኒያ ልዑል ታሪክ ነው። ጆንሰን ኢትዮጵያን በዓይኑ አላያትም። ግን በወጣትነቱ ሎቦ የሚባል ፖርቱጋላዊ ኢየሱሳዊ ስለ አገራችን የጻፈውን ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ ነበር። ከዚያ በመነሳት በአማራ ምድር፣ በተራሮች የተከበበ ሸለቆ ፈጠረ። የነገሥታት ልጆች ሁሉ ነገር ተሟልቶላቸው፣ ግን መውጣት ተከልክለው የሚኖሩበት ነው። አምባ ግሼንን የሚያውቅ ሰው ነገሩ ከየት እንደመጣ ወዲያው ይገባዋል። ራሴላስ ምንም ሳይጎድልበት ይከፋዋል፣ ተራራውን ሰርስሮ ይወጣል፣ ደስታን ፍለጋ እስከ ካይሮ ይሄዳል። ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታል።

ጄን መጽሐፉን ተቀብላ ስታገላብጠው ተረት የለበትም፣ ጂኒ የለበትም፣ ደበራት። 10 ዓመቷ ነው፣ አይፈረድባትም። ግን ምዕራፍ 12 ላይ ምን ትሆናለች? ቶርንፊልድ ጣሪያ ላይ ወጥታ አድማሱን እያየች፣ ምግብና መጠለያ ሳይጎድላት፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ዓለም ትመኛለች። ሴቶችም እንደ ወንዶች ይሰማቸዋል የምትለው እዚያ ላይ ነው። ራሴላስን ያልወደደችው ልጅ ራሷ ራሴላስን ሆነች። ይህን ያህል አጥብቄ የምናገረው እኛ አንባቢዎች ከሌላው ቀድመን ልናየው የምንችለው ነገር ስለሆነ ነው።

በአማርኛ ስንወያይ ጄን ሮቸስተርን «አንተ» ትበለው ወይስ «እርስዎ»?

ከሁሉም የምወደው ጥያቄ። እንግሊዝኛው አንድ ቃል ብቻ ስላለው አይጨነቅም። እኛ መምረጥ አለብን። ጄን ተቀጣሪ ናት፣ እሱ ጌታ ነው፣ በዕድሜም ወደ 20 ዓመት ገደማ ይበልጣታል። ስለዚህ «እርስዎ» ነው። እስከ መጨረሻውም «ጌታዬ» ማለቷን አትተውም።

ምዕራፍ 23 ግን አለ። ሮቸስተር ሌላ ሴት ሊያገባ ነው ብላ አምናለች፣ ልቧ ሞልቷል። ድሃና መልከ ጥፉ ስለሆንኩ ነፍስ የለኝም ብለው ያስባሉ ወይ ትለዋለች። የምናገርዎት ነፍሴ ነፍስዎን ነው፣ በእግዚአብሔር ፊት እኩል ነን ትላለች። አንዴ ይህን ቦታ በአማርኛ ጮክ ብላ እንድታነበው አንዲት ተማሪ ጠየቅኳት። በ«እርስዎ» ጀመረች። መሃል ላይ ቆም አለችና «አንተ» ብላ ቀጠለች። ክፍሉ ጸጥ አለ። ማንም ምንም አላላት፣ ሁላችንም ስለገባን። እኔም ብተረጉመው እዚያች አንድ ገጽ ላይ ብቻ «አንተ» እለውና በሚቀጥለው ገጽ ወደ «እርስዎ» እመልሳት ነበር።

ሮቸስተር ጥሩ ሰው ነው?

አይደለም፣ ግን የማይወደድ ሰውም አይደለም። ይዋሻል። እንደ ጠንቋይ ሴት ለብሶ እንግዶቹን ይሰልላል። ጄንን ለማስቀናት ሌላ ሴት ሊያገባ እንደሆነ ያስመስላል። ሚስት እያለው ንጹሕ ልጅ ይዞ መሠዊያ ፊት ሊቆም ነው። በሌላ በኩል ጄንን ያወራታል፣ ይሰማታል፣ ሐሳቧን ይጠይቃታል። ከዚያ በፊት ይህን ያደረገላት ወንድ የለም። በውይይት ጊዜ አንዱን ብቻ ይዞ መከራከር ይቀላል። ሁለቱን አንድ ላይ ያዙት።

ሚስቱ ካበደች ለምን አይፈታትም?

ሕጉ አይፈቅድለትም። በዚያ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ፍቺ ለማግኘት በፓርላማ የግል ሕግ ማስወጣት ያስፈልግ ነበር፣ ወጪውም ከባድ ነው። በፍርድ ቤት መፋታት የተቻለው ከ1857ቱ ሕግ በኋላ ነው። እብደት የፍቺ ምክንያት የሆነው ደግሞ በ1937 ነው። ይህ የሮቸስተርን ችግር ያስረዳል፣ ውሸቱን ግን አያጸዳም።

በርታ ሜሰን ማን ናት?

ሦስተኛው ፎቅ ላይ የተቆለፈባት የሮቸስተር ሚስት። ጃማይካ ውስጥ፣ ስፓኒሽ ታውን ያገባት ናት። የሮቸስተር አባት ርስቱን ለታላቁ ልጅ ትቶ ለታናሹ ሀብታም ሚስት ፈለገለት፤ በርታ 30,000 ፓውንድ ይዛ መጣች። ደግማችሁ አስምሩበት። የብሪታንያ ግዛቶች ውስጥ ባርነት እንዲቀር ሕግ የወጣው በ1833 ነው። የጃማይካ ሀብት ደግሞ በባሮች ጉልበት የተሠራ የስኳር ሀብት ነበር። የጄን አጎትም ማዴራ ላይ የሜሰን የንግድ ቤት ወኪል ነበር። ጄንን ነጻ ያወጣት ገንዘብ እዚያው ሰፈር ያደረ ነው። ይህ አያስደስትም፣ ግን መባል አለበት።

ሌላው ነገር፣ በርታ በመጽሐፉ ውስጥ አንድ ቃል ፊት ለፊት ስትናገር አንሰማም። ትስቃለች፣ ትጮኻለች፣ ወንድሟ እንዲህ አለች ይላል። የሕይወቷን ታሪክ የሚነግረን ባሏ ብቻ ነው፣ እሱም ራሱን ሊከላከል ነው የሚናገረው። የዶሚኒካ ተወላጇ ጂን ሪስ በ1966 ይህችን ሴት አፍ ሰጥታ ሌላ ልቦለድ ጽፋለች። ብሮንቴን ለመውደድ በርታ ላይ የሆነውን መርሳት አያስፈልግም።

ሴንት ጆን ሪቨርስ እንዴት ነው የሚነበበው? ጄንስ ለምን እምቢ አለችው?

ስሙ «ሲንጂን» ተብሎ ነው የሚነበበው። ቄስ ነው፣ መልከ መልካም ነው፣ ቅን ነው። የሰው ፊት እሳት የሆነባትን፣ ለዓሳማ ሊደፋ የነበረ ገንፎ ለምና የበላችውን ጄንን ከደጁ ያነሳት እሱ ነው። ወደ ሕንድ ለስብከት ሲሄድ አብራው እንድትሄድ ይፈልጋል። እሷ በእህትነት እሄዳለሁ ትላለች። እሱ በሚስትነት ካልሆነ አይሆንም ይላል። ሳይወዳት ነው፣ ለሥራ ስለምትጠቅም ብቻ። ለኔ ከሮቸስተር ይልቅ የሚያስፈራኝ ሴንት ጆን ነው። ሮቸስተር ሕጓን እንድትጥስ ጠየቃት፤ ሴንት ጆን ራሷን እንድትጥል ይጠይቃታል፣ ያውም በእግዚአብሔር ስም። ጄን እሺ ልትለው ትንሽ ነው የቀራት።

መጨረሻው አያሳዝንም? ዓይነ ስውር ሰው ለማስታመም ነው እንዴ የተመለሰችው?

ሮቸስተር ቤቱ ሲቃጠል በርታን ሊያድን ገብቶ ዓይኑንና አንድ እጁን አጥቷል። ጄን ግን ለማስታመም አልተመለሰችም። ስለምትወደው፣ አሁን ደግሞ ያለ ዕዳ መውደድ ስለምትችል ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ በአንድ ዓይኑ ማየት ይጀምራል፤ የመጀመሪያ ልጁን ሲያቅፍ ያየዋል። አንድ ነገር ግን አስቡ። ያገባች ሴት ንብረቷን በራሷ ስም እንድትይዝ ሙሉ መብት የሰጣት የ1882ቱ ሕግ ነው። በዚያ ዘመን ሕግ ጄን ስታገባ 5,000 ፓውንዷ በእጇ አይቆይም ማለት ነው። መጽሐፉ ይህን አያነሳም። እናንተ አንሱት።

ውይይቱ ደረሰ፣ መጽሐፉን አልጨረስኩትም። የትኞቹን ምዕራፎች ላንብብ?

ሁሉንም አንብቡ እላለሁ፣ ግን ሰዓት ከጠበበ 1፣ 2፣ 5፣ 6፣ 9፣ 12፣ 23፣ 24፣ 26፣ 27፣ 28፣ 34ና 37ን አትለፉ። ፊልም አይተካውም፤ ብዙዎቹ ፊልሞች ሎውድንና የሪቨርስን ቤት ያሳጥሩታል።

ምዕራፍ 9 አጭር ነው። ጄን በሌሊት ከመኝታዋ ሾልካ ሄለን ወደተኛችበት ክፍል ትሄዳለች። አልጋው ላይ ትወጣና ይተቃቀፋሉ፣ ያወራሉ፣ ይተኛሉ። ጠዋት ሲያገኟቸው ጄን እንቅልፍ ወስዷታል፣ ሄለን ሞታለች። የመጨረሻዎቹን መስመሮች ቀስ ብላችሁ አንብቡ። መቃብሯ 15 ዓመት ሙሉ ሣር የበቀለበት አፈር ብቻ ነበር ይላል። አሁን ግን ስሟና «እነሣለሁ» የሚል አንድ የላቲን ቃል የተቀረጸበት ግራጫ እብነ በረድ አለ። ማን እንዳስቀረጸው አይናገርም። እብነ በረድ ደግሞ ገንዘብ ይጠይቃል። ዓመቶቹን ቁጠሩና በዚያን ጊዜ የራሷ ገንዘብ ያላት ማን እንደነበረች እዩ።